ለእታለም የሚሆን ኳስ

ሰኞ 3

አዘጋጁ ዛሬ መጥቶ ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ወንበር እያለ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አለቃ ሥራ ሊጭን ነው የመጣው። ለሚቀጥለው እትም ስለ ዮጋ ኳስ ጻፊልን አለኝ፤ ሴቱ ሁሉ ያንን ትልቅ የጎማ ኳስ እየገዛ ነው፣ ልኩን አውቆ የሚገዛ ግን የለም፣ ሳቅ ያለበት ይሁን፣ አደራ። እሺ አልኩ። ለእኔ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው፤ እታለምም ኳስ ያስፈልጋታል።

የእታለምን ነገር እዚህ ልጻፈው እንጂ ዓምዴ ላይ የሚወጣ አይደለም። ታላቅ እህቴ ናት፣ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አጥባ፣ አበጥራ፣ ቆንጥጣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሠላሳ አራት ዓመት የስፖርት አስተማሪ ሆና ጡረታ ወጣች። ተማሪዎቿ «ምሰሶ» ይሏት ነበር፤ ሰፈሩም ተቀብሎ እስከ ዛሬ ምሰሶ ይላታል። ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ግን ወገቧን ያማታል። ባለፈው ሳምንት ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻም አኩርፌ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፊቱ ደግ ነው፤ ይቸኩላል። ቁመትዎ ስንት ነው ሊላት ገና አፉን ሲከፍት «አንድ ከሰባ ሦስት» አለችው። ወደ እኔ ዞረ። አዎ፣ መታወቂያዋ ላይም እንደዚያ ነው አልኩት። ጻፈው። ቀጥሎ ደግሞ በቅርቡ ቁመትዎ ቀንሷል እንዴ ብሎ ጠየቃት። እታለም «ምሰሶ ቢያጥር ኖሮ ጣሪያው አናታችን ላይ ነበር» አለችው። እሱም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። የቁመት መለኪያው እዚያው ጥግ ቆሟል፤ ካፖርትና ጃንጥላ ሰቅለውበታል። የህመም ማስታገሻ ተሰጣት፣ ቀላል እንቅስቃሴ ትጀምር ተባለ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ ተባልን። በቃ፣ ቀላል ነገር ነው።

ረቡዕ 5

ኳሱን ገዛሁ። የስፖርት ዕቃ ሻጩ ወሬ የሚወድ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚመጣ ሰው ነው፤ ተግባባን። ኳሱ በአራት ልክ ነው የሚመጣው፤ በመሃሉ ሲለካ አርባ አምስት፣ ሃምሳ አምስት፣ ስልሳ አምስት፣ ሰባ አምስት ሴንቲ ሜትር። ቁመቱ እስከ ሜትር ከሃምሳ ለሆነ ሰው አርባ አምስቱ፣ እስከ ሜትር ከሰባ ሃምሳ አምስቱ፣ ከዚያ በላይ ስልሳ አምስቱ፣ ሰባ አምስቱ ደግሞ በር ሲገባ ጎንበስ ለሚል። ይህን ካለ በኋላ ግን ሠንጠረዡን ብዙ አይመኑት አለኝ። ዋናው መቀመጥ ነው። የእግር መዳፍ ሙሉ በሙሉ ወለል ይነካል፤ ጉልበት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቀጥ ባለ ማዕዘን ይታጠፋል። የምትቀመጥበትን ሴት ይዘው ይምጡ አለኝ።

አትመጣም፣ ቁመቷን አውቀዋለሁ አልኩት።

«ጫማ ሊገዙ ሲመጡ እግርዎን ቤት ጥለው ነው የሚመጡት?» አለኝ።

ይቺን ለዓምዴ ሰረቅኳት። ስልሳ አምስቱን፣ አመድማውን፣ ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ 8

ጽሑፉን ጨረስኩ፤ ራሴን ላመስግንና ጥሩ ወጥቶልኛል። ኳሱ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ጎድሎ እንደሚነፋ፣ ጎማው አንድ ቀን አርፎ ከተለጠጠ በኋላ እንደሚሞላ ጻፍኩ። ስለ ቁመት ደግሞ እንዲህ አልኩ፦ «ጫማሽን አውልቂ፣ ጀርባሽን ግድግዳ ላይ ለጥፊ፣ አናትሽ ላይ መጽሐፍ አስቀምጪ፣ ሌላ ሰው በእርሳስ ምልክት ያድርግልሽ። የአሥራ ስምንት ዓመት ቁመትሽን አታምጪብኝ፤ እሱ ከአሥራ ስምንት ዓመት ወገብሽ ጋር አብሮ ተሰናብቷል።» ለአዘጋጁ በስልክ ሳነብለት ሳቀ።

የእኛም ኳስ ዛሬ ሞላ። እታለም ተቀመጠችበት። ወለሉን የነካው የእግር ጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነው፤ ተረከዟ አየር ላይ ቀረ። ከመጠን በላይ ነፍተሽው ነው አለችኝ። አስተነፈስኩት። ሲለሰልስ ደግሞ ከሥሯ እንደ ሊጥ እየሸሸ አስቸገራት። እንደገና ነፋሁት። ተረከዟ እንደገና ተነሣ። ዕቃው ጥሩ አይደለም አለች። እኔም ዘንድሮ ጥሩ ዕቃ ከየት ይመጣል አልኳት።

ማክሰኞ 11

ሻጩ ሳያጭበረብረኝ አልቀረም። ስልሳ አምስት ብሎ ሰባ አምስቱን ሰጥቶኝ ይሆናል። እታለም ስትተኛ (ከምሳ በኋላ ትተኛለች፣ ድሮ ቀን የሚተኛ ሰው ትንቅ ነበር) ኳሱን ግድግዳ አስጠግቼ፣ በወዲህ ወገኑ የካርቶን ሣጥን አቁሜ፣ መካከሉን በሜትር ለካሁት።

ስልሳ አምስት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር አልበለጠም፣ አላነሰም።

ስለዚህ ኳሱ ልክ ነው። ከዚያ ምሳ የበላንበትን ዕቃ ማጠብ ነበረብኝ፣ ተነሣሁ።

ሐሙስ 13

ቀሚሶቿን ሁሉ ዛሬ በእጄ አሳጠርኩላት፤ ጫፋቸው ወለል እየጠረገ እግሯ ላይ ሊጠመጠም ነው። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ ደክሟል መሰለኝ፣ አንዱንም በልኩ አልሰፋችውም። የዘንድሮውንም፣ የዛሬ አምስት ዓመቱንም።

የወጥ ቤቱን የላይኛ መደርደሪያም ባዶ አደረግነው። እጄን ማንጠራራት ወገቤን ያመኛል ስላለች ነው።

ዛሬ ቢሮ አራሚያችን ለፎቶ አንሺው ስትነግረው በበሩ ሰማኋት። ትናንት ገበያ ውስጥ ከእናቷ ጋር አየኋት፣ አሮጊቷ ጎብጠው አሳዘኑኝ ትለዋለች። እናቴ ከሞተች አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ገብቼ ልነግራት ነበር። ሻይ ቀዳሁና ተመለስኩ። ሴትየዋ ነጠላ ሰረዝ ከአራት ነጥብ የማትለይ፣ ሰው ትለያለች?

ሰኞ 17

ዮጋው ዛሬ ተጀመረ። የኪነ ጥበብ ማዕከሉ ምድር ቤት ነው፤ ከአሥር የምንበልጥ ሴቶች፣ እያንዳንዳችን ኳሳችንን እንደ እርጉዝ ሆድ ታቅፈን። አስተማሪዋ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ ልጅ ናት። ተቀመጡ አለችን። እየዞረች የሁሉንም ጉልበት አየች። እታለም ጋ ስትደርስ ተንበርክካ በተረከዟና በወለሉ መካከል ጣቶቿን አስገባች። ሦስት ጣት ገባ።

«እማማ፣ ይሄ ኳስ የእርስዎ አይደለም» አለቻት።

እታለም ለእማማ የሚሆን ጆሮ የላትም። ልጅቷ ከጥግ ሃምሳ አምስቱን አምጥታ ተካችላት። እግሯ ሙሉ በሙሉ ወለል ላይ አረፈ። ጉልበቷ ልክ እንደ ወንበር። ትከሻዋ ወረደ፣ ትንፋሿም ወጣ፤ ስንት ሳምንት ፊቷ እንዲህ ሲፈታ አላየሁትም። ምናልባት አንድ ደቂቃ ቆየ። ከዚያ ሰው ሁሉ ባለበት ብድግ ብላ ይሄ የልጆች ነው አለችና ጫማዋን ማድረግ ጀመረች። የራሳችንን ኳስ አቅፌ ተከተልኳት። ምን ላድርግ?

መንገድ ላይ አልተናገረችም። እኔ ነኝ የተናገርኩት። ልጅቷ ገና ጀማሪ ናት አልኳት። ቁመት እኮ ማስረጃ ያለው ነገር ነው፣ እንዲህ በዓይን አይገመትም አልኳት። ይህን ያለችው እንግዲህ «የአሥራ ስምንት ዓመት ቁመትሽን አታምጪብኝ» ብላ የጻፈችው ሴት ናት፤ መጽሔቱ ዛሬ ጠዋት ከማተሚያ ቤት ወጣ።

መሻገሪያው ላይ ክንዴን ያዘች። ከዚህ በፊት መንገድ ስንሻገር እኔ ነበርኩ የእሷን የምይዘው።

ዓርብ 21

የአንባቢ ደብዳቤ ይጎርፋል። አንባቢዎቼ «የሁላችን እህት» ነው የሚሉኝ፤ ዛሬ ቃሉ ከበደኝ።

አንዲት የጥርስ ሕክምና ክፍል እንግዳ ተቀባይ የጻፈችውን አዘጋጁ በስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። እንዳልኳት ለእናቷ ኳስ ልትገዛ ግድግዳ ላይ አቁማ ለካቻቸው። ከድሮ ቁመታቸው አምስት ሴንቲ ሜትር ጎድሏል። ደንግጣ ያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ስትወስዳቸው የአጥንት መሳሳት ሆኖ ተገኘ፤ በጊዜ ስለተደረሰበት መድኃኒት ጀምረዋል። «እህታችን፣ እናቴን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ» ትላለች። ጉባኤው አጨበጨበልኝ። አራሚዋ እንኳ አጨበጨበች።

አዘጋጁ ደብዳቤው በፊት ገጽ ይውጣ አለ። ልመልስላት ብዬ ተቀበልኩትና መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ቆለፍኩት። ለምን እንደቆለፍኩት እንጃ፤ ደብዳቤ የሚሰርቅ ሰው ቢሯችን ውስጥ የለም።

ማታ እታለምን ግድግዳው ጋ ቁሚልኝ ልላት አስቤ ነበር። ሰሃን እያጠበች ነበር፤ ደክሟታል። ነገ።

እሑድ 23

ዝናብ። ዛሬም አላልኳትም። በእሑድ ቀን ሰው አይለካም።

ሰኞ 24

ወደቀች። ከኳሱ ላይ። እኔ ቢሮ ነበርኩ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛ ሹፌር ዱብ የሚል ድምፅ ሰምተው ወጥተው አገኟት፤ እሳቸው ናቸው የደወሉልኝ።

ስደርስ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ጀርባዋን አልጋው ላይ አስደግፈዋታል። ላቧ ግንባሯ ላይ ደርቋል። እኔ አልወደቅኩም፣ ወለሉ ነው የመጣብኝ አለች። ሹፌሩ ሊስቁላት ሞከሩ።

ጠዋት ስወጣ ዛሬም አሥር ደቂቃ ሞክሪው፣ ልማድ ነው ብያት ነበር? አላልኩም።

ብያለሁ።

ረቡዕ 26

ሁለት ቀን ምንም አልሆንኩም ስትል ቆይታ ዛሬ ከአልጋ መነሣት አቃታት። ሆስፒታል። ያው ሐኪም። ዛሬ አልቸኮለም።

የራጅ ፎቶ አነሷት። ከዚያ ነርሷ ከመለኪያው ላይ ካፖርቶቹን አንድ በአንድ አንሥታ አልጋ ላይ ከመረቻቸው፣ እታለምን ደግፋ አቆመቻት። የብረቱን ምላስ አናቷ ላይ አወረደችው። እኔ ካፖርቶቹን ነበር የማየው።

«አንድ ከስልሳ አራት» አለች ነርሷ።

ሐኪሙ መዝገቡን ገለጠ። እዚህ አንድ ከሰባ ሦስት ይላል፣ ማን ነው የለካው ብሎ ጠየቀ። ባለፈው የመለስኩት እኔ መሆኔን ያውቃል፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። አፌን ልከፍት ስል እታለም ቀደመችኝ።

«እሷን ተዋት፤ መታወቂያውን ነው ያነበበችው። መታወቂያው ደግሞ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነው።»

ሁለት የጀርባ አጥንቶቿ ተሰባብረው ተጨፍልቀዋል። አንዱ የሰኞው ነው። ሌላው ወራት የቆየ ነው፤ ከኳሱም፣ ከዮጋውም፣ ከእኔም ጽሑፍ በፊት። ሐኪሙ ቁመት ቀንሰዋል ወይ ብሎ የጠየቀው ለዚህ ነበር። ፎቶውን ወደ መብራቱ አቅንቶ እያየ «ያን ቀን ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር መጉደሉን ባውቅ ኖሮ» ብሎ ሲጀምር ስልኩ ጠራና ወጣ። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ቀረ። እኔ ከሰዓት በኋላ ሙሉ እየጨረስኩለት ነው፤ በየዓይነቱ ጨርሼዋለሁ፤ አንዱም ጥሩ አይደለም።

አስተኟት። አጥንቷ ለምን እንዲህ እንደሳሳ ለማወቅ ደምም፣ ሌላም ነገር ወሰዱ።

እሑድ 30

ውጤት የለም። በየቀኑ ሄጄ አልጋው አጠገብ የቢሮ ወሬ አወራላታለሁ። አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ፎቶ አንሺው ከማን ጋር ሻይ እንደሚጠጣ። ትስቃለች፤ ስትስቅ ጎኗን ትይዛለች፤ አይቼ እንዳላየ አልፋለሁ። ስለ ጀርባዋ አላወራንም። ጎረቤቷ ታማሚ፣ አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ፣ ትናንት ስወጣ ለነርሷ የዚች ሴት እህት ሬዲዮ ናት፣ ከተከፈተች ጥያቄ አትቀበልም ስትላት ሰማሁ። ቂም ያዝኩባት። እውነቷን ነው፤ እሱ ነው ቂም ያስያዘኝ።

ማክሰኞ 2

አዘጋጁ ተከታዩን ይፈልጋል። ኳስ ላይ የሚሠሩ አምስት እንቅስቃሴዎች። እስከ ስድስት ሰዓት።

ጻፍኩ። ሳቅ አለበት።

ሐሙስ 4

ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ አገኘኝ። የእርጅና አጥንት መሳሳት ብቻ አይደለም አለኝ። ከመቅኒዋ ውስጥ የተነሣ በሽታ ነው አጥንቷን የሚበላው። ስሙን ነገረኝ፤ እዚህ አልጽፈውም። መድኃኒት አለው፣ ሕመሙን ይገታል፣ ጊዜ ይገዛል። የተበላውን ግን አይመልስም። ቀደም ብሎ ቢጀመር የሚተርፍ አጥንት ነበር። ሰኞ ጠዋት ይጀምራሉ።

ምን ብዬ ጠየቅኩት? እሷ ታውቃለች ወይ አልኩት። አታውቅም። «እኔ ልንገራቸው ወይስ እርስዎ?» አለኝ።

እኔ አልኩ። ከዚያ ገብቼ ስለ ፎቶ አንሺው አወራኋት፤ ሰዓት ደረሰ፤ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ኳሱ መሃል ወለል ላይ ነው። ማስተንፈሻውን ነቅዬ ተቀመጥኩበት። ረጅም ጊዜ ፈጀ። እየወረድኩ፣ እየወረድኩ፣ በመጨረሻ ራሴን ወለል ላይ ተቀምጬ አገኘሁት። አልተነሣሁም።

ሃያ ስድስት ዓመት ለሰው ምክር ስጽፍ ኖሬያለሁ። ምክር መስጠት ደስ ይላል፤ የምትሰጪው ለማታዪው ሰው ነውና። የሚያዩትን ሰው መለካት ነው የሚያስቸግረው። ይህን እንኳ ስጽፈው እንዴት ለዓምድ እንደሚያምር ነው የታየኝ። እግዚኦ።

ዓርብ 5

አልነገርኳትም። ዘመዶች መጥተው ነበር።

አንድ ዘመድ ነው የመጣው። እሱም አምስት ደቂቃ።

ቅዳሜ 6

ነገርኳት።

ከሐሙስ ጀምሮ መክፈቻ የሚሆኑ ሦስት ቀልዶች ይዤ ነበር፤ አልጋው ጋ ስደርስ አንዱም አልመጣልኝም። ወንበሩን አስጠጋሁ፣ ሐኪሙ እንደነገረኝ ነገርኳት፤ ስሙንም ጭምር። ሳልጨምር፣ ሳላለዝብ። ከሰኞ ጀምሮ ምን እንደሚደረግላት፣ ምን እንደማይመለስ። እጆቿን እያየች ሰማችኝ። አዋላጇ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችልን፤ ቂሜን ተውኩላት።

ከዚያ ወጥ ቤታችን መስኮት ላይ ቆማ ሰሃን ስታጥብ ድሮ መንገደኛው ሁሉ ይታያት እንደነበር ነገረችኝ። ዓምና መንገዱ ጠፍቶ የሰው አናት ብቻ ቀረላት። ዝናቡ ሲገባ እሱም ጠፋ፤ ሰማይ ብቻ። እዚያ መስኮት ላይ ነው የገባት።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም እታለም?» አልኳት።

«አንቺ አይተሽ ዝም ስትዪ፣ ፈርታለች አልኩ። ከልጅነትሽ ጀምሮ የፈራሽውን ነገር አታዪውም። ተውኩሽ።»

እኔም አንቺን እንዳላስከፋ ብዬ ነው ዝም ያልኩት አልኳት። ድምፄ ሬዲዮ አልመሰለም። ስንተዛዘን፣ ስንተዛዘን ክረምቱ አለቀ።

እሷ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ፣ ልክ በሰባት ዓመቴ እንደምትጠብቀኝ፣ አይዞሽም ሳትለኝ። ከዚያ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት። የት የት ነው የሚያምሽ አልኳት።

መዳፌን ያዘችና በሆስፒታሉ ጋውን ላይ አስኬደችው። ወገቧ። እሱን አውቃለሁ። ከዚያ ከፍ ብሎ በትከሻዎቿ መካከል። ከዚያ በግራ በኩል ጎድኗ፣ ስትስቅ የምትይዘው። ከዚያ ዳሌዋ። ይሄ ከተነሣ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ለማንም አልነገርኩም አለች። ሐኪሙ መዝገብ ላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

እያንዳንዱን መቼ እንደጀመራት ጠየቅኳት፤ ስትቀመጥ ነው ወይስ ስትቆም፣ ይወጋል ወይስ ያቃጥላል። ሁሉንም መለሰችልኝ። አንድም አልቀለድንም። ነርሷ ሰዓት አልቋል ልትል መጥታ፣ አይታን ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት፣ መድኃኒቱን ሳይጀምሩላት በፊት፣ ለሐኪሙ አራቱንም እነግረዋለሁ።